ላቁመው ወይ?

በዚያ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ ኃላፊውን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ከኋላው ደግሞ «አቶ አይዞሽ»። ስሙን ያወጡለት ሴቶቹ ናቸው። አንዷ ልጄ ታመመ ብላ ስትመጣ «አይዞሽ»፤ ሌላዋ ወገቤን ስትል «አይዞሽ»፤ ሦስተኛዋ ምንም ሳትል ደረጃው ላይ ብታልፈውም «አይዞሽ»። ቅጽል ስሙን የሰማ ቀን አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ አለው። ከእሱ በፊት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው «ነጎድጓድ» ነበር የሚባለው፤ ከነጎድጓድ ቀጥሎ አይዞሽ መባል ራሱን የቻለ ሹመት ነው። ለሚስቱም ነግሯት አብረው ስቀውበታል።

አሁን ግን ያችን ቃል ሲሰማ ጆሮው ድረስ ይግላል። ራሱ ሊላት ሲል ደግሞ ምላሱ ላይ ትቆምበታለች።

ድርጅቱ የሦስት ሆስፒታልና የዘጠኝ ሆቴል አንሶላ ያጥባል። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፣ አዳራሹ ምድር ላይ፤ በአዳራሹ መሃል ትልቁ የአንሶላ መተኮሻ ማሽን ተዘርግቷል። እርጥቡ አንሶላ በአንድ በኩል ይገባል፣ በጋለው ተንከባላይ ብረት ስር ያልፋል፣ በሌላው በኩል ደርቆ ይወጣል። አንሶላውን የሚያስገቡት ሴቶች «ተኳሾች» ይባላሉ። አዲስ የተቀጠረ ጥበቃ በስልክ «ዛሬ ስምንት ተኳሽ ገብቷል» ሲባል ሰምቶ ከበሩ ሊሸሽ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ከተኳሾቹ ማዶ፣ አንሶላ ከሚታጠፍበት ጠረጴዛ፣ «ማስመሪያ» የሚሏት ሴት ነበረች። እሷ ያጠፈችው አንሶላ ጠርዙ ከጠርዙ ጋር ሲገጥም ተለክቶ የተሰመረ ነው የሚመስለው። አሥራ አንድ ዓመት አጥፋለች። አንድ ቀን አልቀረችም፤ ከአንድ ሰው አልተጣላችም። የጠዋቱ ፈረቃ ሱፐርቫይዘር ሥራ ሲለቅ ኃላፊው ሁለቴ አላሰበም። ጎበዝ ናት፣ ትሾም። ጎበዝ አጣፊ ጎበዝ አለቃ ይወጣታል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

እሷ ግን ጠይቃ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ማጠፍ ነው የማውቀው» አለችው። «አንሶላ ዝም ብሎ ይታጠፍልኛል። ሰው እንደዛ አይደለም።»

«አይዞሽ! ትለምጂዋለሽ» አላት።

ሥልጠናዋ ይኸው ነበር። ተጀምሮ ያለቀው በዚያው አፍታ ነው።

እርግጥ ወረቀት ነበረ፤ ወረቀት መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ከዓመት በፊት አንዲት አማካሪ መጥታ ቅጽ አዘጋጅታላቸዋለች። አዲስ የተሾመ ሱፐርቫይዘር ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ከኃላፊው ጋር ቁጭ ይላል፤ ለየሳምንቱ አንድ ርዕስ አለው። ያረፈደን ሰው እንዴት እንደሚናገሩት፣ ሁለት ሠራተኛ ሲኳረፍ ምን እንደሚደረግ፣ ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል። ከጎኑ የሁለቱም ፊርማ። አማካሪዋ ስታስረዳ ኃላፊው ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ማስታወሻም ይዟል። ከዚያ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስመሪያ ወደ ቢሮው ትወጣ ነበር። ጓደኞቼ የነበሩት አኮረፉኝ አለችው። አይዞሽ፣ ይመለሳሉ። አንዷ ልጅ በየቀኑ ታረፍዳለች፣ ልናገራት አፈርኩ አለችው። አይዞሽ፣ ይስተካከላል። ማን የት እንደሚቆም ስመድብ ሁሉም ያጉረመርማል አለችው። ምን ታረጊዋለሽ፣ ሰው ነው፣ አይዞሽ። ከስድስተኛው ጊዜ በኋላ መምጣቱን ተወችው። ኃላፊው መቅረቷን አይቶ «በቃ ለመደችው» ብሎ ደስ አለው። ሰው መጥራት የሚያቆመው መልስ ሲያገኝ ብቻ ይመስለው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት የአስተዳደር ኃላፊዋ ቅጹን ላክልኝ ብላ ደወለች። መሳቢያው ሲከፈት ቅጹ እንደ ተወለደ ነጭ ነው። ኃላፊው ማስመሪያን አስጠርቶ በሩን ዘጋና ሁለት እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ለፎርማሊቲ ነው» አላት። «አንዱን መስመር በሰማያዊ፣ ቀጣዩን በጥቁር እንፈርማለን። በአንድ ቀን የተፈረመ እንዳይመስል።»

ሳቁ። እሷም ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ከአለቃ ጋር ምሥጢር መካፈል የማያስደስተው ማን አለ? እሱ ቀን እየጻፈ፣ እሷ ፊርማዋን እያሳመረች ወረዱ። አራተኛው መስመር ላይ እጇ ቆም አለ።

«‹ማሽን የማስቆም ሥልጣን›... ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ያው የምታውቂው ነው።»

«እኔ ማቆም እችላለሁ ማለት ነው?»

ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው አንድ እጁን ወደ ስልኩ፣ ሌላውን ወደ ወረቀቱ ሰደደ። «ፈርሚ፣ ፈርሚ። በኋላ እነግርሻለሁ፤ አይዞሽ።»

አራተኛው መስመር በጥቁር ተፈረመ። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ቀረ።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ እንዳልነበረ ለማወቅ ነጎድጓድን ማወቅ ያስፈልጋል። ከመተኮሻው ማሽን አጠገብ ምሰሶ ላይ ቡጢ የሚያህል ቀይ ማቆሚያ አለ። በነጎድጓድ ዘመን እሱን የሚነካ አልነበረም። ማሽኑ ከቆመ ይቀዘቅዛል፤ ተመልሶ እስኪግል አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ በአርባ ደቂቃ አንድ መኪና አንሶላ ይተኮሳል። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ አንሶላው ሲጠመጠምባት ደንግጣ ተጫነችው። ነጎድጓድ ከፎቅ እየጮኸ ወረደና በሰው ሁሉ ፊት «ይሄ ማሽን የሚቆመው እኔ ስሞት ነው!» አላት። ልጅቷ በሳምንቱ ሥራ ለቀቀች። ነጎድጓድ ግን አልሞተም፤ ጡረታ ወጥቶ አበባ ያጠጣል አሉ። ማስመሪያ ያን ቀን አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ ጩኸቱን አንድ በአንድ ሰምታለች። ከነጎድጓድ በኋላ ደግሞ የቀረውን የቀየረ ሰው የለም። የሄደው ጩኸቱ እንጂ ሕጉ አልሄደም።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከተንከባላዩ ፊት ለፊት እጅ እንዳያልፍ የሚከላከል ብረት አለ፤ እሱ ከማለዳ ጀምሮ ሲንቀጫቀጭ አረፈደ። መካኒኩ ከምሳ በኋላ አየዋለሁ ብሏል። አራት ሰዓት ገደማ በአንድ ወገን ብሎኑ ወለቀ። ማሽኑ ላይ የነበረችው ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ናት፤ ከተኳሾቹ ሁሉ ትልቋ፣ ኃላፊውን ራሱን «አንተ» የምትል ብቸኛ ሴት።

«ይሄ ብረት ሊወልቅ ነው» አለች እትዬ። «አቁሚው እንጂ፣ ምን ታያለሽ?»

ማስመሪያ ቀዩን ማቆሚያ አየች። ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ከዚያ ደረጃውን አየች፤ እሱ ሃያ ሁለት ደረጃ ነው። እየሮጠች ወደ ደረጃው ሄደች።

ኃላፊው ስልክ ላይ ነበር። የአንድ ሆቴል ሠራተኛ በጠረጴዛ ልብስ ላይ ስለቀረ እድፍ እያማረረችው ነው። በመስታወቱ በር ማስመሪያን አያት፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አፏ ተከፍቷል። መዳፉን አነሣላት። ቆይ።

ቆመች። እንደዚያ ያለች ሰው ናት፤ ቆይ ከተባለች ትቆያለች።

«አዎ እመቤቴ፣ የወይን ጠጅ እድፍ ነገር አስቸጋሪ ነው» ይል ነበር ኃላፊው፣ መዳፉን እንዳነሣ። «አይ፣ እንደገና እናጥበዋለን። አይዞሽ።»

ከዚያ ከታች ጩኸቱ መጣ።

ማሽኑን ያቆመው እየሮጠ የደረሰው መካኒክ ነው። እትዬ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አጥንታቸው ድረስ ተጎዱ። ሐኪሞቹ ጣቶቹ ይተርፋሉ፣ መታጠፍ ግን አይታጠፉም አሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ኃላፊው የአደጋውን ሪፖርት ጻፈ። «ሱፐርቫይዘሯ የመከላከያው ብረት መውለቁን እያየች ማሽኑን በወቅቱ አላስቆመችም።» አንብቦ ፈረመ። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት ሐሰት አልነበረችም፤ ይህ ነው የከፋው። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ መዋሸቱን ያውቃል።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው በሚቀጥለው ዓርብ ሊሰበሰብ ተቀጠረ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሳምንት ድጋፍ ተደርጎላት፣ በአራተኛው ሳምንት ማሽን ማስቆም እንደምትችል ተነግሯት፣ ፈርማም፣ አላስቆመችም። ትባረራለች። ለእሷ የተሰጣት ድጋፍ በሙሉ ያ ወረቀት ነበር፤ እሱም ዞሮ ምስክር ሆነባት።

ኃላፊው እትዬን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄደ። የተኛችበት አንሶላ ጥግ ላይ የድርጅታቸው ማኅተም ነበረ። ብርቱካን ይዞላት ነበር፤ በአንድ እጅ እንደማይላጥ ያሰበው ከረጢቱን ካስቀመጠ በኋላ ነው።

«እኔስ ይሁን» አለችው እትዬ። «ልጅቷን ምን ልታደርጓት ነው?»

«ይታያል እትዬ። ኮሚቴ አለ።»

«ኮሚቴውን አይደለም የጠየቅኩህ።»

አፉን ሲከፍት ያችው ቃል ልትወጣ ነበር፤ መልሶ ዋጣት። ብርቱካን መላጥ ጀመረ፤ አንዱን ልጦ ሁለተኛውን ያዘ፤ እትዬ አንድም አልቀመሰችም።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላው አለ። ቢሮው ውስጥ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያኖርና መዳፉን አንሥቶ ይቆጥራል። የወይን ጠጅ እድፍ፣ አስቸጋሪ ነው፣ እንደገና እናጥበዋለን፤ ሠላሳ ሴኮንድ። ሌላ ቀን ቢቆጥረው ሠላሳ ሁለት። ከሠላሳ በታች አልወርድለት አለ። ያንን ግማሽ ደቂቃ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላዋ አትናገርም። አለመናገሯን እንዴት እንዳወቀ እንጃ፤ ግን አወቀው። አለመናገሯ ላይ ነው ልቡ የተደላደለው፣ ያው አለመናገሯ ነው ደግሞ እንቅልፍ የነሣው።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ሳምንቱን ሙሉ ሰው አልሆንክም። ምንድን ነው?»

«ምንም። የሥራ ነገር ነው።»

«እሺ፣ አይዞህ።»

«አይዞህ አትበይኝ!» ብሎ ኩባያውን ሲያስቀምጥ ሻዩ ተደፋ።

ሚስቱ ጨርቅ አመጣችና ጠረጴዛውን እየጠረገች «አንተ ስትለው ማር፣ እኛ ስንለው እሬት?» አለችው። ቆይታ ደግሞ፣ «ያልነገርከኝን በምን ልርዳህ? ሰው የሰማውን ነው የሚረዳው።»

ኃላፊው ኮቱን አነሣና ወጣ። ሰው የሰማውን ነው የሚረዳው። እሱ ማስመሪያን ስንት ጊዜ ሰምቷታል? ስድስት ጊዜ ነው የመጣችው። ስድስቱንም ጊዜ ነገሯን ሳትጨርስ ነው ያጽናናት። ለካ አይዞሽ ሲል ኖሮ የሰው አፍ እየዘጋ ነበር።

የሚናገረውን ግን አዘጋጅቷል። ያዘጋጀው «ክፍተት» የሚል ቃል ነው። በቢሮ ቋንቋ ክፍተት ማለት ጥፋቱ ኖሮ ጥፋተኛው የማይታወቅ ሲሆን ነው። «ከሁለታችንም ወገን ክፍተት ታይቷል» ሊል ነው። እሷ ላይ ይቀልላት ይሆናል፤ እሱም አይወድቅም። መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው መጣ።

ማስመሪያ ከስብሰባው ክፍል ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የሥራ ጋዋን አልለበሰችም፤ በቤት ቀሚሷ ስትታይ ሌላ ሰው፣ አነስ ያለች ሰው ትመስላለች። ግንባሩ ላይ ላቡን ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«አይዞዎት ጋሼ» አለችው።

ብታሾፍበት በወደደ ነበር። አላሾፈችም። ከልቧ ነው ያለችው፤ ስለ እሱ ተጨንቃ።

የአስተዳደር ኃላፊዋ ከመሃል ተቀምጣለች፤ በቀኝ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ፣ በግራ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው። ቅጹ ከፊቷ አለ።

«ድጋፉ በየሳምንቱ በሚገባ ተሰጥቷል» አለች ቅጹን እያገላበጠች። «በአራተኛው ሳምንት ማሽን ማስቆም እንደምትችዪ ተነግሮሻል?»

ማስመሪያ ወረቀቱን ቀና ብላ አየች። «ፊርማው የኔ ነው» አለች።

«ታዲያ ሦስት እርምጃ ላይ ያለውን ትተሽ ለምን ፎቅ ወጣሽ?»

«ልጠይቅ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«ላቁመው ወይ ብዬ።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው እስክሪብቶውን አቆመ። የማኅበሩ ተወካይ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ከወጣሽ ጩኸቱ እስኪሰማ ድረስ ጊዜ ነበር» አለ። «እትዬ ነግራናለች። እላይ ምን አደረግሽ?»

ኃላፊው ጉልበቱን ጨበጠ። ማስመሪያ ወደ እሱ አላየችም። ወደ መስኮቱ ነው ያየችው።

«ደረጃው አድክሞኝ... ትንሽ ቆሜ ነበር» አለች።

ሰውየው ጻፈው። ኃላፊው እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማዋል። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ደረጃ የወጣች የወረደች ሴት፣ ደረጃ አደከመኝ። ያቺ ግማሽ ደቂቃ የእሷ ሆና ተጻፈች። ጨርሶ ነጻ ወጥቷል፤ ክፍተት እንኳ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ እፍረት በዕድሜው ተሰምቶት አያውቅም።

«ደረጃው አይደለም» አለ።

ሦስቱም ወደ እሱ ዞሩ። ድምፁ የእሱ ድምፅ አልመስል አለው።

«ደረጃው አላደከማትም። በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ቆይ ብዬ መዳፌን አነሣሁባት። ማሽኑን ማቆም ሲገባኝ እሷን አቆምኳት።»

«ጋሼ...» አለች ማስመሪያ።

«ቆይ» ሊላት ሲል መዳፉ መነሣቱን አየ። በሌላው እጁ ይዞ አወረደው።

«ቅጹንም ይዩት» አለ ለአስተዳደር ኃላፊዋ። «አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር። በየሳምንቱ እስክሪብቶ እያፈራረቀ የሚፈርም ሰው አለ? በአንድ ጠዋት ነው የተፈረመው። እኔ ነኝ ያስፈረምኳት። አራተኛው ላይ ምንድን ነው ብላ ጠይቃኛለች። አልነገርኳትም።»

የአስተዳደር ኃላፊዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበች። ረጅም ጊዜ አየችው። እሷም ያን ወረቀት ተቀብላ ፋይል ያደረገች ሰው ናት፤ የፊቷ መቅላት ምናልባት ከዚያ ይሆናል።

«እርስዎስ ሲሾሙ» አለች በመጨረሻ፣ «ማን አሠለጠነዎት?»

ነጎድጓድ ትዝ አለው፤ የቁልፍ እስሩን ደረቱ ላይ ወርውሮለት «በል፣ እንዳታዋርደኝ» ያለው ቀን። ጥሩ ሰበብ ነበር። ሰበቡን እንዳይጠቀምበት ፈራና «የኔን ተዉት» አለ። «እኔ ጣቴ አልተጎዳም።»

በመተላለፊያው ላይ ማስመሪያ ከኋላው ደረሰችበት። እያለቀሰች ነበር፤ ተቆጥታለችም።

«ምን አስቸኮለዎት? እኔ ወደ ማጠፊያዬ እመለስ ነበር።»

«አትመለሺም ነበር። ሊያባርሩሽ ነበር።»

«ይሁን!» አለች። «እርስዎ ቢባረሩ የሚመጣው ሰው አይዞሽ እንኳን አይልም።»

ይህን ስትል ልታሽሟጥጠው አልነበረም፤ ሒሳቧን ነው የነገረችው። ያገኘችው ነገር ከምንም ይሻላል ብላ ነው የቆየችው።

እሷንም እሱንም አላባረሩም። የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት፤ ጠረጴዛውም ከፎቅ ወርዶ አዳራሹ ዳር፣ ከእጥበት ማሽኖቹ አጠገብ ተቀመጠ። አሥራ ሁለቱን ሳምንት ከአራቱም ሱፐርቫይዘሮች ጋር በሐቅ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሌሎቹን ሦስቱን ስለ ቀዩ ማቆሚያ ጠየቃቸው። አንዱ ለመካኒክ ብቻ ነው አለ። ሁለተኛዋ ከተነካ ደመወዝ ይቆረጥብናል ሲል ሰምቻለሁ ብላ ወደ ሦስተኛው ጠቆመች። ሦስተኛው ደግሞ «እኔማ የማይሠራ ነበር የመሰለኝ» አለ። በቅጾቻቸው ላይ ሦስቱም ፈርመዋል፤ በሰማያዊና በጥቁር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራው በሞቀበት ሰዓት ኃላፊው ማስመሪያን ወደ ምሰሶው ጠራት። እትዬ ተመልሳ ነበር፤ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ በግራ እጇ ፎጣ ታጥፋለች። ተኳሾቹ አንሶላ እያስገቡ በዓይናቸው ጥግ ያያሉ።

«ተጫኚው» አላት።

«አሁን?»

«አሁን።»

«ምን ተበላሽቶ?»

«ምንም አልተበላሸም።»

«አርባ ደቂቃ ይሄዳል እኮ ጋሼ። የሆስፒታሉ መኪና በስድስት ሰዓት ይመጣል።»

«ይሂድ። መኪናውን እኔ አናግረዋለሁ።»

እጇ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ቆመ። ዓይኗ ወደ ደረጃው ሄደ። እዚያ ማንም የለም፤ ሊጠየቅ የሚችለው ሰው አጠገቧ ቆሟል። ኃላፊው አንድ ቃል ሊላት ፈለገ፤ ዋጣት። በመዳፏ ተጫነችው።

ማሽኑ አቃሰተና ቆመ። አዳራሹ ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ የማይሰማ ዝምታ ሆነ፤ የሆነ ቦታ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ይቺው ናት?» አለች ማስመሪያ።

ቀዩን ማቆሚያ ደግማ አየችው።

«ይቺን ታህል?» መዳፏን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች፤ ፋሻውን አየችና እዚያው ምሰሶው ስር አለቀሰች። እትዬ ፎጣዋን አስቀምጣ፣ አዳራሹን አቋርጣ መጥታ በደህና እጇ አቀፈቻት።

«አይዞሽ» አለቻት። «አይዞሽ የኔ ልጅ። እኔ አለሁ።»

ኃላፊው ቃሏን ሰማት። እሱ ስንት ዓመት ሲላት የኖረ ያችው ቃል ናት፤ ግን ተነሥቶ፣ ሄዶ፣ አቅፎ የተናገራት ቀን ትዝ አላለውም። እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ቆመ።

ማስመሪያ ቆይታ ዓይኗን በጋዋኗ ጠረገች።

«ጋሼ፣ ላስነሳው ወይ?»

«እኔን አትጠይቂኝ።»

አየችው። ከዚያ ማሽኑን አየችው፤ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንሶላ ከማጠፏ በፊት እንደምታየው። «ቆሞ ካገኘነው» አለች ቀስ ብላ፣ ድምፅዋ እየጠነከረ፣ «ከስሩ ያለው ብናኝ ይጠረግ። ብሎኖቹም ይታዩ። ያኔ አስነሳዋለሁ። በሉ፣ ጨርቅ ያዙ!»

ሴቶቹ ተንቀሳቀሱ። ኃላፊው ብቻ በቆመበት ቀረ። እትዬ ከክምሩ ላይ አንድ ጨርቅ መዝዛ ወደ እሱ መጣች።

«እንካ» አለችው። «አንተም ጥረግ።»

ጨርቁን ያቀበለችው በግራ እጇ ነበር።